ያልተሣለችው ብሌን

ሰው ገጠመኙን ሲያወራ ጀግናው ብዙውን ጊዜ ራሱ ነው። እኔም እንደዚያ ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ይህን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች ደብረ ታቦር ውስጥ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ብዋሽ ያጋልጡኛል። ስለዚህ እውነቱን ልንገራችሁና ሳቁብኝ። እኔም እስከ አንድ ቦታ ድረስ አብሬያችሁ እስቃለሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ በተወለድኩበት ከተማ አማርኛ አስተምር ነበር። ጥቂት መጽሐፍ አንብቤ፣ ብዙ ያነበብኩ መስዬ፣ በየስብሰባው እጄን እያወጣሁ ስናገር የአውራጃው ሰዎች አዩኝና «የኪነት ሥራዎች ገምጋሚ» ብለው ሾሙኝ። በቀላል አማርኛ ሲነገር፣ በአውራጃው ውስጥ ማንም ሰው ከመዝፈኑ፣ ቴአትር ከማሳየቱ ወይም ሥዕል ከመስቀሉ በፊት እኔ አይቼ «ይለፍ» ወይም «አይለፍ» እላለሁ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ አንድ ማኅተምና አንድ ቀይ እስክሪብቶ ተሰጠኝ። ዕውቀት አልተሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ቀይ እስክሪብቶዬ ሥራ ፈትታ አታውቅም። የወጣቶቹ ኪነት ቡድን «ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየብን» ብሎ ሲዘፍን፣ የዝናባችንን መዘግየት ጠላት ለምን ይስማ ብዬ ሰረዝኩት። ገበሬዎች ባዘጋጁት ቴአትር ውስጥ በሬ ይሞት ነበር፤ ተስፋ ያስቆርጣል ብዬ በሬው እንዲድን ወሰንኩ። የበሬውን ባለቤት ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ያን ሰሞን የገዛ በሬው ሞቶበት ኖሮ፣ «ጓድ ታደለ፣ እባክህ የእኔንም በሬ እንዲህ ጽፈህ አስነሣልኝ» አለኝ። አሽሙር መሆኑ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

በጽሕፈት ቤታችን ግድግዳ ላይ የሦስቱ ጢማሞች ፖስተር ተለጥፎ ነበር። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ የሶሻሊዝም አባቶች የሚባሉትን ፈረንጆች የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ አንድ ጎን አዙረው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድረው፣ ሩቅ ሩቅ ያያሉ። ከገሳይና ከሐሙሲት ለጉዳይ የሚመጡ ገበሬዎች በሩን እንዳለፉ ፖስተሩን ቀና ብለው አይተው ያማትባሉ። አንዳንዶቹ ሦስት ጊዜ። እኔም በየሦስት ወሩ በምልከው ሪፖርት ላይ «ሰፊው ሕዝብ ለመሪዎቹ ያለው ፍቅር ልብ የሚነካ ነው» ብዬ እጽፍ ነበር። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ።

የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ የአውራጃው ካድሬ ጓድ አሥራት አስጠራኝ። ከደቡብ የመጣ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ዝም ሲል ሰው ያልበዋል። ፖስተሩ በትልቅ አቡጀዲ ላይ ተሥሎ አደባባይ እንዲሰቀል ፈለገ። ችግሩ የከተማው ማስታወቂያ ጸሐፊ ለዘመቻ ሄዷል፤ ብሩሽ የሚይዝ ሰው የለም።

«አለቃ ውበቱ አሉ» አልኩ። «የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ በዚህ አገር የእጃቸው ሥራ የሌለበት ደብር የለም።»

«የቤተ ክርስቲያን?» አለ ጓድ አሥራት።

«እጃቸው የሠለጠነ ነው ጓድ። ንቃቱን እኔ እሰጣቸዋለሁ።»

«ኃላፊነቱን ትወስዳለህ?»

«እወስዳለሁ!» አልኩ። ያን ጊዜ ኃላፊነት መውሰድ ውሃ የመጠጣት ያህል ይቀለኝ ነበር።

አለቃ ውበቱ ስድሳን ያለፉ፣ ደቃቃ፣ ጥፍራቸው ሥር ሁልጊዜ ቀለም የማይጠፋ ሽማግሌ ነበሩ። በትምህርት ቤታችን አዳራሽ አቡጀዲውን ወጥሬ ፖስተሩን ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ወስደው ብዙ አዩት።

«እነዚህ ሰዎች ምን ያደረጉ ናቸው?» አሉኝ።

ግማሽ ሰዓት አስተማርኳቸው። ከባሪያ አሳዳሪው ሥርዓት ጀምሬ እስከ ወዛደሩ ድል ድረስ አንዲት ነጥብ አላስቀረሁም። አለቃ እጃቸውን አጣምረው፣ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እንዲያው ባጭሩ፣ መልካም ሰዎች ናቸው ነው የምትለኝ?»

«ከመልካምም በላይ!»

«በነፍስህ?»

«በነፍሴ!» አልኩ፤ ነፍስ የለም ብዬ ባስተማርኩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ።

«እንግዲያስ ጥሩ» ብለው ከሰላቸውን አነሡ። ስወጣ አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ፤ የዓይን ብሌን የሚሣለው በመጨረሻ ነው፤ ፊቱ ሳያልቅ ብሌን አይገባም፤ ስለዚህ እስኪጠሩኝ ድረስ እንዳልቸኩል።

ሁለት ቀን ዘፈን ስሰርዝ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠሩኝና ሄድኩ። በሩን ስከፍት ስድስት ዓይኖች አፈጠጡብኝ። ሦስቱ ጢማሞች ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ አዙረዋል። ዓይናቸው ትልልቅ፣ ብሌናቸው ጥቁር፣ ጢማቸው በወግ የተበጠረ። አክሊል ብቻ ነው የቀራቸው።

«ጓድ አለቃ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን አደረጉ?»

«ምነው፣ ጢማቸው አነሰ?»

«ፊታቸው! እነዚህ ሰዎች ወደ መጪው ዘመን ነው የሚያዩት። እርስዎ አዙረው እኔ ላይ አፈጠጧቸው!»

«መልካም ሰዎች ናቸው ብለህ አልነገርኸኝም?»

«ናቸው እንጂ!»

«መልካም ሰው እንዲህ ነው የሚሣል።»

«እንደ ፖስተሩ ያድርጉልኝ። በጎን፣ በአንድ ዓይን።»

አለቃ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። አላውቅም ነበር። «አላውቅም፤ ይንገሩኝ» ብል ኖሮ ይህ ታሪክ እዚሁ ያልቅ ነበር። ግን የሥዕል ገምጋሚ ስለ ሥዕል አላውቅም ሊል ነው? ደረቴን ነፋሁና «አውቃለሁ!» አልኩ።

«ታውቃለህ?»

«አሳምሬ አውቃለሁ። አውቄ ነው የማዝዎት።»

የአለቃ ፊት ተለወጠ። በሩን ገልመጥ አደረጉ። ተጠጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የእናትህ አምላክ ይጠብቅህ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፍህ አታውጣ። ሰው ቢሰማህ ይገድሉሃል» አሉኝ።

«ያስፈራሩኛል?»

«እኔማ ምን ቆርጦኝ! የልብህን በልብህ ያዝ ነው የምልህ። የእኔን እጅ ግን አታገኝም። ሰዎቹን አላውቃቸውም፤ የማላውቀውን ሰው በእጄ አልኮንንም። ካሰኘህ ብሩሹ ያውልህ፣ አንተው ሣለው።»

እየሮጥኩ ቢሮዬ ገባሁና በቀይ እስክሪብቶ ሪፖርት ጻፍኩ። አንደኛ፣ ሠዓሊው የመሪዎቹን ፊት ከመጪው ዘመን አዙሯል። ሁለተኛ፣ ትእዛዝ አልቀበልም ብሏል። ሦስተኛ፣ ገምጋሚውን በሞት አስፈራርቷል። ማኅተም መታሁበት። ቀትር ሳይሞላ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አለቃን ከአዳራሹ ይዘው ወጡ። ብሩሻቸውን እንኳ እንዲያጥቡ አልፈቀዱላቸውም። ነገ ጠዋት ጉዳያቸው ታይቶ ወደ ጎንደር እንደሚላኩ ሰማሁ። በዚያ ዘመን ጎንደር በሚወርደው መኪና የተጫነ ሁሉ እንደማይመለስ ደብረ ታቦር ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ይህንንስ በእውነት አውቅ ነበር።

ለምሳ ቤት ገባሁ። እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ለቤተ ክርስቲያን የምትሰጠውን ጧፍ ታሽ ነበር። የሆነውን ነገርኳት፤ ራሴን ሳላሳንስ።

እጇ ቆመ። «ቆይ እስቲ፣ በአንድ ዓይን ይሣሉልኝ አልካቸው?»

«አዎ።»

«ሰዎቹ ምን በድለውህ ነው?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የሚሣሉት ናቸዋ! አበስኩ ገበርኩ! ተነሥ። ምሳ የለም፤ ተነሥ!»

ክርስትና ወደተነሣሁበት ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ደጁን አስከፈተችና የሥዕሉን መጋረጃ ገልጣ «እይ» አለችኝ። አየሁ። እመቤታችን፣ ሁለት ዓይን። መላእክቱ፣ ሁለት ዓይን። ሐዋርያቱ፣ ሁለት ሁለት ዓይን። ይሁዳ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ አንድ ዓይን። ጊዮርጊስን የሚያሰቃዩት ወታደሮች ሁሉም በጎን፣ አንድ አንድ ዓይን። ከታች ሰይጣን ከነጭፍሮቹ ሲኦል ውስጥ ተሰልፎ፣ ሁሉም አንድ ዓይና፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የሚያዩ። ልክ እንደ ፖስተራችን።

«ጻድቅ ዓይን ለዓይን ያይሃል» አለች እናቴ። «ክፉ ግን ዓይንህን መሸሽ አለበት፤ አንተም ዓይኑን ማየት የለብህም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። በእቅፌ ይዤህ እዚህ ስቆም ሰይጣኑን በጣትህ እያሳየህ ታለቅስ ነበር እኮ!»

ከሐሙሲት እስከ ገሳይ ሥዕል ማንበብ የማይችል ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ሥዕል አንባቢ አድርገው ቀጠሩት። ገበሬዎቹ ፖስተራችንን አይተው ለምን እንደሚያማትቡም ያኔ ገባኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። እናቴ መጋረጃውን እየመለሰች «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለች፤ ለእኔ አልነበረም የምትናገረው፤ ለእመቤታችን ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ሄድኩ። አለቃ ከግንቡ ጥግ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«አለቃ፣ ሲጠይቁዎት ለምን እውነቱን አልተናገሩም? የአንድ ዓይኑን ነገር ቢነግሯቸው ኖሮ...»

«እንዴት አድርጌ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ገምጋሚው መሪዎቹን ሰይጣን አድርገህ ሣል ብሎ አውቆ አዘዘኝ ልበል? አንተን ይዘው እኔን ሊለቁኝ? እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ዕድሜ ጠግቤያለሁ። እናትህ ካንተ ሌላ ማን አላት?»

እኔ እሳቸውን ለማሳሰር ማኅተም ስመታ፣ እሳቸው እኔን ለማዳን አፋቸውን ዘግተው ነበር። አለቀስኩ። እንባዬ ሲያልቅ «አለቃ፣ አላውቅም ነበር» አልኩ። «ዋሽቼዎት ነው። ነገሩን ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ወይ ጉድ! ሳታውቅ ነው? እኔ ደግሞ የልብ ሰው አገኘሁ ብዬ ሌሊቱን ልጸልይልህ ነበር!»

በማግሥቱ ጠዋት በጽሕፈት ቤታችን ክሱን የሚያዩ ሦስት ሰዎች ከጓድ አሥራት ጋር ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ የእኔ ሪፖርት፣ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ፖስተሩ። አለቃን ጥግ ላይ አቁመዋቸዋል። ከውጭ የመኪናው ሞተር ይሰማ ነበር።

ወንበሩን ይዤ ተነሣሁ። «ሪፖርቴ ስሕተት ነው» አልኩ። ደፋር ሰው እንዲህ ሲል ድምፁ ያስገመግማል ይባላል፤ የእኔ እንደ ጫጩት ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። ይሁዳን፣ ወታደሮቹን፣ ሲኦሉን። «አለቃ ያስፈራሩኝ መስሎኝ ነበር፤ ያስጠነቅቁኝ ነበር እንጂ። ትእዛዝ እምቢ ያሉትም ለመሪዎቹ ክብር ነው» ብዬ ጨረስኩ።

ጓድ አሥራት ዝም አለ። ሁላችንም አላበን።

«ማለትም» አለ ቆይቶ፣ «በአውራጃው ቢሮዎች ሁሉ የለጠፍነው...»

«አዎ ጓድ።»

«ሁሉም ላይ ማኅተም የመታኸው...»

«እኔ ነኝ ጓድ።»

«አላምንም» አለና የበሩን ዘበኛ አስጠራ። አያ ደምሴ ገቡ፤ ፖስተሩን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው አማተቡ።

«አያ ደምሴ፣ አሁን ለምን አማተቡ?»

«ልማድ ነው ጌታዬ።»

«እነዚህን መሪዎች ስለሚያከብሯቸው ነው?»

አያ ደምሴ አንዴ እኔን፣ አንዴ አለቃን፣ አንዴ ጣሪያውን አዩ። አለቃ ከጥጉ ራሳቸውን ነቀነቁላቸው።

«ጌታዬ፣ እውነት ተናገር ካሉኝ፣ ከእነሱ እንዲጠብቀኝ ብዬ ነው። አንድ ዓይና ሥዕል ቢሮ ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ መጀመሪያ ተገርሜ ነበር። በኋላ ግን ሌባ እንዳይገባ አስፈራርቶ እንዲጠብቅ ያደረጋችሁት ነው ብዬ ተውኩት።»

ከተቀመጡት አንዱ ሳቁን ሳል ለማስመሰል ታገለ። ጓድ አሥራት ወደ ፖስተሩ ዞሮ ጀርባውን ሰጥቶን ረጅም ጊዜ ቆመ። ተናዶ ይሁን ስቆ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሲዞር ፊቱ እንደወትሮው ነበር።

«ባለ ሁለት ዓይኑ ይሰቀል» አለ። «ፖስተሮቹ ለእድሳት ይውረዱ። ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ይሂዱ። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም።» ከዚያ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «እስክሪብቶውን።»

ቀይ እስክሪብቶዬን አስረከብኩ። በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ክፍል እንዳስተምር ወደ ገሳይ ተዛወርኩ። ከክፍሉ የማይወጣውን ነገር አያ ደምሴ ከሰዓት በፊት ለግማሹ ገበያ አዳርሰውት ነበር። በበዓሉ ቀን አደባባዩ ላይ ከእኔ ፊት የቆሙ አንዲት እናት አቡጀዲውን ቀና ብለው አይተው ለጎረቤታቸው «እነዚህስ ከየትኛው ደብር የመጡ ሐዋርያት ናቸው? ሲያምሩ!» ሲሉ ሰማሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አለቃ ውበቱ የገሳይን ቤተ ክርስቲያን ሊሥሉ መጡ። አንድ ቀን አስጠሩኝና «ቁም እስቲ፣ ፊትህን እፈልገዋለሁ» አሉ። ሥራው ሲያልቅ ሄጄ አየሁ። ጲላጦስ እጁን ይታጠባል። ከጎኑ የክስ ወረቀት የያዘ ጸሐፊ ቆሟል። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ጆሮዬ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ሰክተውልኛል።

ዓይኔን ፈለግሁ። ፊቴ ወደ ሰው የዞረ ነው፤ እፎይ አልኩ። የቀኝ ዓይኔ ሙሉ ነው። የግራው ግን ነጩ ብቻ፤ ብሌን የለውም።

«አለቃ፣ ይቺን ረሷት መሰል» አልኩ።

«አልረሳሁም። ብሌን የሚገባው ፊት ሲያልቅ ነው አላልኩህም? አንተ ገና ነህ። ስትጨርስ መጥቼ አስገባልሃለሁ።»

በተከታዩ ክረምት አረፉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ጀግና አልሆንኩም። ዘመኑን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ነው ያሳለፍኩት። አንድ ነገር ግን ሆነ፤ «አላውቅም» ማለት ተማርኩ። ሥዕልና ዘፈን የሚያስሩ ሰዎችን ኋላም በየመንግሥቱ አይቻለሁ። አብዛኞቹ እኔን ይመስሉኛል፤ ከፊታቸው ያለውን ነገር ማንበብ አይችሉም፣ መጠየቅም ያፍራሉ፣ ማኅተሙ ግን እጃቸው ላይ ነው። አለቃ ውበቱ ስለ ነፃነት አንድም ቀን ሲናገሩ አልሰማሁም። የማላውቀውን ሰው በእጄ አልኮንንም ብለው ብሩሻቸውን አስቀመጡ፤ ያም ሊያስገድላቸው ምንም አልቀረውም ነበር፤ በእኔ እጅ።

በቅርቡ የገሳይን ቤተ ክርስቲያን የሚያድስ ሠዓሊ መጣ። እኔ አሁን ሽበታም የሰበካ ሽማግሌ ነኝ። ሠዓሊው ግድግዳውን ዞሮ ዞሮ ጲላጦስ ዘንድ ሲደርስ ጠራኝ። ጸሐፊው እኔ መሆኔን አላወቀም፤ ፀጉሬም ፊቴም ተለውጧል።

«አባቴ፣ የፊተኛው ሠዓሊ የዚህን ሰውዬ ግራ ዓይን ዘንግተውታል። አንዲት ነጥብ ናት። ልሙላት ወይስ ትለፍ? እርስዎ ካዘዙ አሁን ነው የምጨርሰው» አለኝ። ብሩሹን ጥቁር ቀለም አስነክሮ ይዞታል።

ያቺን ነጥብ ስንት ዓመት ስመኛት እንደኖርኩ እግዜር ያውቃል። አሁን አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«የፊተኛው ሠዓሊ ሥራ ነው» አልኩት። «አትንካው።»